ደብተሩን ይዛችሁ ኑ

ለዚህ ወር ያዘጋጀሁት ስለ ልጆች የምሳ ዕቃ ነበር። አቆየሁት። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለቀጠሮው ከሐይቅ መጥቶ እኔ ቤት አድሮ ነበር። እራት ላይ «አክስቴ፣ የእኔን ነገር ለምን አትጽፊውም? እንደኔ ያለ ሌላ ልጅ ይኖራል እኮ» አለኝ። እናቱንም ጠየቅኋት። «ስሙን ካልጠራሽ ጻፊው» አለች። እኔም ስሙን ሳልጠራ ልጻፈው።

ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ታላቅ እህቴ ተወልደን ባደግንባት በሐይቅ ከተማ ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላት። አምና አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «እታለም፣ ልጁን ደግሞ አተኮሰው። ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል» አለችኝ። በዚያ ዓመት ሦስተኛው የሳንባ ምች ነበር።

እኔን ያነቃኝ «ደግሞ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው መግል ሲያፈስ፣ ሳይነሱ ሲያመው፣ ሳል ሳይለቀው ነው ያደገው። ክሊኒክ ይወሰዳል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፣ ይሻለዋል፤ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይመለስበታል። የሄደበት ክሊኒክ ሁሉ የዕለቱን በሽታ አክሞለታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሐኪም ያየው የዚያን ቀኑን ሕመም ብቻ ነው። አሥራ አምስቱን ዓመት አንድ ላይ የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች። እሷን ደግሞ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ያላት ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር አላልኳትም።

ዛሬ ላስተላልፍላችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። በተደጋጋሚ ለሚታመም ልጅ ልዩ ሐኪም ፍለጋ ከመነሳታችሁ በፊት የልጁን የሕመም ታሪክ በአንድ ደብተር ሰብስቡ። የትኛውም ስፔሻሊስት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊያገኘው የማይችለው መረጃ ያለው እናንተ እጅ ነው።

ስሙ የሚያስደነግጥ ሕመም

በመጨረሻ አንድ ሐኪም «በሽታ የመከላከል አቅሙ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም» ሲሏት እህቴ የሰማችው ኤችአይቪ ብለው የነገሯት ያህል ነው። አትፍረዱባት። በአገራችን ይህ አባባል ከኤችአይቪ ጋር ተያይዞ ሲነገር ነው የኖረው። ከዚያ በፊትም አንዷ ጎረቤት «ዓይን ነው» ብላታለች፤ ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኧረ አስመርምሪው» ብላታለች። ተመርምሯል፤ ነፃ ነው። ሐሜቱ ግን ውጤቱን አይቶ አይቆምም።

ልዩነቱን እንወቀው። ኤችአይቪ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። እኔ የምነግራችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዘር ውስጥ ባለ ለውጥ ምክንያት የሚመጣ የመከላከል አቅም ጉድለት ነው። አብሮ በመብላት፣ በመተኛት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ሰውነታችን ጀርምን ለመከላከል ከሚጠቀምባቸው ነገሮች አንዱ አንቲቦዲ ነው። አንዳንድ ልጆች አንቲቦዲ በበቂ መጠን አይሠሩም። ሌሎች ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ጀርሙን መግደል ያቅተዋል። እስካሁን የታወቁት ዓይነቶች ከ450 በላይ ናቸው። አንዳንዱ ገና በጨቅላነት ይታያል፤ አንዳንዱ ደግሞ በጉርምስና ወይም ከዚያ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ነገሩ ለሕክምናው ዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በተደጋጋሚ በከባድ ኢንፌክሽን የሚታመም የስምንት ዓመት ልጅ ደም ሲመረምር፣ አንቲቦዲዎቹ የሚገኙበት ጋማ ግሎቡሊን የተባለው የደም ክፍል እንደሌለ አገኘ። የጎደለውን ከሌሎች ሰዎች ደም ወስዶ በመርፌ ሲሰጠው ልጁ ተሻለው። የዛሬውም ዋና ሕክምና የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

መቼ ነው መጠርጠር ያለባችሁ?

በቅድሚያ አብሽሩ። ትንሽ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው፣ በተለይ መዋያ ወይም ትምህርት ቤት የጀመረ ከሆነ፣ የተለመደ ነው። እየተሻለው፣ እየተጫወተና ክብደት እየጨመረ ከሄደ አያሳስብም። ሐኪም ጋር ተቀምጣችሁ መነጋገር ያለባችሁ የሚከተሉትን ስታዩ ነው፦

• በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፤
• በአንድ ዓመት ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ከባድ የሳይነስ ሕመም፤
• ሁለት ወርና ከዚያ በላይ አንቲባዮቲክ ወስዶ ብዙም አለመሻል፣ ወይም በደም ሥር ካልተሰጠው የማይለቀው ኢንፌክሽን፤
• በቆዳ ወይም በውስጥ አካል ላይ በተደጋጋሚ መግል የሚቋጥር እብጠት፤
• የማይለቅ የአፍ ወይም የቆዳ ፈንገስ፤
• ክብደትና ቁመት በተገቢው መጠን አለመጨመር፤
• በቤተሰቡ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ወይም በሕፃንነቱ በኢንፌክሽን የሞተ ልጅ መኖሩ።

ከእነዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ከታዩ «የዛሬውን አክሙልኝ» ብቻ ሳይሆን «ለምንድን ነው የሚደጋገምበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የግድ የመከላከል አቅም ጉድለት ላይሆን ይችላል። ቲቢ፣ አስም፣ የስኳር በሽታ፣ የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪ ሁሉም መታየት አለባቸው። ጥያቄው ግን መነሳት አለበት።

የብስኩቱ ቆርቆሮ

እህቴ ወረቀት አትጥልም። የልጁን የሐኪም ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የራጅ ፊልም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮና በአንድ ፌስታል ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲገባ በአካባቢው ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ሳይቀር። ብዙ ሰው የድሮ ካርዱን ሊያገኝ አልቻለም። እሷ ግን ልጆቿን ይዛ ስትሸሽ ቆርቆሮውን በነጠላ ጠቅልላ ይዛው ወጥታለች። ስትመለስ ሱቁ ባዶ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ነበር።

አዲስ አበባ ስትመጣ ሁለታችን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ወረቀቱን በየዓመቱ ደረደርነው። ከዚያም በአንድ ደብተር ላይ ጻፍነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ መስመር። ቀኑ፣ የልጁ ዕድሜ፣ ሕመሙ ምን እንደተባለ፣ የት እንደታከመ፣ ተኝቶ ከሆነ ስንት ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የሚዋጥ ነው ወይስ በደም ሥር የተሰጠ፣ በስንት ቀን ተሻለው።

ከዚያ በተለየ ገጽ፦ ክብደትና ቁመት በየዓመቱ፤ የወሰዳቸው ክትባቶችና ከክትባት በኋላ የታየበት ነገር ካለ፤ ከትምህርት ቤት የቀረባቸው ቀናት፤ የቤተሰብ ታሪክ። የቤተሰብ ታሪክ ስትጽፉ የእናትን ወንድሞችና አጎቶች አትርሱ። አንዳንዱ ዓይነት በእናት በኩል አልፎ ወንዶች ልጆችን የሚይዝ ነውና። ይህ የእናት ጥፋት አይደለም፤ ማንም የሚወርሰውንና የሚያወርሰውን አይመርጥም። እህቴ ግን ይህን ስትሰማ አልቅሳለች፤ ስለዚህ ለእናቶች ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ገጽ አሳጥሩት። ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንሱና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ አንድ ቅጂ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

እኛ ቆጥረን ስንጨርስ የሳንባ ምቹ ብቻ ሰባት ነበር። አንቲባዮቲክ ያልወሰደበት አንድም ዓመት አልነበረም። እህቴ ወረቀቱን እያየች «እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር» አለች። አብራው ኖራ፣ አብራው አድራ፣ ቁጥሩን አላወቀችውም። በአንድ ላይ ተጽፎ ስላልታየ ነው።

ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በዚያ ሌሊት የሰጠኋት ምክር «ሁሉን ትተሽ ነገ ነይ» የሚል ነበር። ልጁ ትንሽ ሲሻለው 400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው መጡ። ሪፈር አልያዙም። ሦስት የግል ክሊኒክ አዞርኳቸው። አንዱ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አለርጂ ነው» አለን። ያን ጊዜ ደብተሩ ገና አልተጻፈም ነበር፤ እኛም «ያስለዋል» ከማለት ሌላ የምናሳየው አልነበረንም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእህቴ የዕቁብ ገንዘብ አለቀ።

የሚያሳዝነው ደግሞ እህቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል መሆኗ ነው። ሐይቅ ያለችበት የተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. ይህ መድህን በአገሪቱ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድህኑ የሚሠራው ግን ደረጃውን ጠብቆ በሪፈር ለሚሄድ ነው። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ተነስቶ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወዳለችው ደሴ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አዲስ አበባ። እኔ ይህን ሁሉ አዘልያት ነው በኪሷ ያሳከምኳት። ተመልሳ ሄዳ ከሐይቅ ደብተሩን ይዛ እንደገና ጀመረች። ደሴ ላይ ያየው የሕፃናት ሐኪም አንዷን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበባትና ስልክ አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ባልደረባው ደወለ።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ አንባቢዎቼ፦ ከአገር ቤት ታማሚ ዘመድ ሲመጣባችሁ ከእኔ ተማሩ። ከመምጣታቸው በፊት ሪፈር መያዛቸውን፣ መድህኑ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚያገለግል፣ ቀጠሮው ለመቼ እንደሆነ በስልክ አጣሩ። ምርመራው የት እንደሚሠራም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰው ቤት ወር መቀመጥ ለታማሚውም ለእናቱም ቀላል አይደለም፤ «ሸክም ሆንን» ይላሉ። አልጋ ብቻ ሳይሆን ወረፋ የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋቸዋል።

የትኛው ሐኪም? ምን ምርመራ?

በዚህ ሙያ ብቻ የሠለጠነ ሐኪም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ በቅርባችሁ ያለ የሕፃናት ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ያዙ፤ ቀጥሎ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ወዳሉት የደም፣ የሳንባ ወይም የተላላፊ በሽታ ሐኪሞች ማለፍ ይቻላል። የጎረመሰ ልጅ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ፦ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሕፃናት ክፍል የሚያየው እስከ 14 ዓመት ገደማ ያሉትን ነው። የእኛ ልጅ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች፣ ከአዋቂዎች ወደ ሕፃናት ሲመላለስ አንድ ቀን ሙሉ ውሏል። ሪፈር ሲጻፍላችሁ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ምርመራው የሚጀምረው ሁላችንም በምናውቀው ሲቢሲ ነው፤ የነጭ የደም ሕዋሱ ቁጥር በየዓይነቱ ተለይቶ ይታያል። ቀጥሎ አይጂጂ፣ አይጂኤና አይጂኤም የተባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች መጠን ይለካል። በየላቦራቶሪው አይሠራም፤ ለዚህ ነው አስቀድማችሁ አጣሩ ያልኩት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስ ቁጥር በብዙ ጤነኛ አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ፣ ከውጭ አገር መለኪያ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ስላለ ብቻ አትደንግጡ፤ ሐኪሙ ከልጁ ታሪክ ጋር አገናዝቦ ያየዋል። ሁለተኛ፣ አንቲቦዲ የማይሠራ ልጅ ላይ አንቲቦዲ ፈልጎ የሚያገኝ ምርመራ «የለበትም» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ኤችአይቪን ቫይረሱን ራሱን በሚፈልግ ምርመራ ድገሙ ቢል አምኖን አይደለም ብላችሁ አትቆጡ።

የእኛ ልጅ የአይጂጂ መጠን ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሲቲ ስካንም የሳንባው ታችኛው ክፍል የአየር ቧንቧዎች ከተደጋጋሚው ኢንፌክሽን የተነሳ ሰፍተው ታዩ። ይህ ጉዳት ወደነበረበት አይመለስም። ሐኪሙ ረጋ ብሎ «ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ እናደርጋለን» አለ። እህቴ ከሆስፒታሉ ስንወጣ በር ላይ ቆማ «ያ ቆርቆሮ እኮ ሁልጊዜ አልጋዬ ሥር ነበር» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሕክምናውና ዋጋው

መድኃኒቱ ኢሚውኖግሎቡሊን ይባላል። ከብዙ ሺህ ደም ለጋሾች ፕላዝማ የሚዘጋጅ፣ ልጁ መሥራት ያቃተውን አንቲቦዲ የሚተካ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በደም ሥር ሲሰጥ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሲሆን መጠኑ በአብዛኛው ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ16 እስከ 24 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ሕመሙን አያጠፋውም፤ የጎደለውን ይሞላል። ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ ነው።

አልዋሻችሁም፤ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። እኛ ዘመድ ተሰብስበን በየወሩ እናዋጣለን። ያልተገኘበት ወር አለ፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ባዘዘው መከላከያ አንቲባዮቲክ ይቆያል። መድኃኒቱን በሆስፒታሉ ፋርማሲ ካጣችሁ በከነማና በቀይ መስቀል ፋርማሲዎችም አፈላልጉ። የመጠቀሚያ ጊዜውን እዩ፤ በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ከሆነ በበረዶ ሣጥን ይሂድ፣ ግን በረዶ ሆኖ እንዳይረጋ።

ከሐኪሙ አንድ ደብዳቤም አስጽፉ፦ የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ ልጁን ሲያተኩሰው ምን መደረግ እንዳለበት፣ የትኞቹን ክትባቶች መውሰድ እንደሌለበት። የመከላከል አቅሙ ለተጎዳ ሰው ሕይወት ያለው ጀርም ያለበት ክትባት አደጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠየቅ አይሰጥም። የእኛ ልጅ አሁን መድኃኒቱን የሚወስደው ደሴ ነው። አዲስ አበባ የሚመጣው ለክትትል ብቻ ነው።

ጠበሉም ዱዓውም አልቀረም። ሐይቅ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለዚህ ልጅ ጸልዮለታል። ሐኪሙን ስንጠይቀው «ጸሎቱ ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጡ» አለን።

ልጁም ይናገር

15 ዓመት ልጅነትም አዋቂነትም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ሐኪሙ የሚጠይቀው እናቱን፣ የምትመልሰውም እናቱ ነበረች፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን «ሞቼ ነው ወይስ እድናለሁ? ለምን ማንም አይነግረኝም?» አለኝ። እኛ እንዳይደነግጥ ብለን ነበር የምንደብቀው። እሱ ግን ከእውነቱ የከፋውን እያሰበ ነበር የሚያድረው።

የጎረመሰ ልጃችሁን አትደብቁት። የሕመሙን ስም ይወቅ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ይወቅ፣ ሐኪሙንም ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ያነጋግር። ትምህርት ቤት ለማን እንደሚነገር እሱ ይወስን፤ ቢያንስ አንድ መምህር ግን ማወቅ አለበት። ኳስ ይጫወት፣ ከጓደኞቹ ጋር ይዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገብ እንዳይቀመጥ፣ እጁን እንዲታጠብ፣ ሲያተኩሰው ሳይውል ሳያድር እንዲናገር ንገሩት።

ባለፈው ሳምንት ቀጠሮ ላይ እህቴ እንደ ልማዷ ደብተሩን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል ልጁ ቀድሟት ከራሱ ቦርሳ አወጣው። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ያለውን በራሱ እጅ ጽፎ ነበር፦ ሁለት ጊዜ ጉንፋን፣ የሳንባ ምች የለም፣ ከትምህርት ቤት የቀረው አራት ቀን፣ ክብደት ሁለት ኪሎ ጭማሪ። ለሐኪሙ አነበበለት። እህቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የሰማችው።

እስኪ ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን የሕክምና ወረቀት ከየመሳቢያው አሰባስቡ። ምንም ላይኖር ይችላል፤ ባይኖር ደስ ይለኛል። ስለ ምሳ ዕቃው በሚቀጥለው ወር እንጫወታለን። እስከዚያው ጤና ይስጣችሁ፣ ቸር ይግጠመን።